መቃ ብዕራችንስ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጃፓኖች በእጃቸው የእንጨት ብዕር ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። «ቲቸር፣ እንዴት እንደሚያለሰልሱት ይዩልኝማ!» አየሁት፤ እውነት ለመናገር ያስቀናል። እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተው ፓይለት፣ ያ ሁሉ ፋብሪካ እያለው፣ ዛሬም ብዕር በእጅ የሚያስጌጡ ባለሙያዎች አሉት።

ግን እኛስ? ቁም ጸሐፊው መቃ ቆርጦ፣ ጫፉን በቢላ ጠርቦ፣ መሐሉን ይሰነጥቀዋል። ቀለሙን የምታወርደው ያቺ ስንጥቅ ናት፤ የጃፓኑ ብዕር ጫፍ ላይ ያለችውም እሷው ናት! ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ተበጥብጦ ለወራት ይብላላል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው። ብራናው ደግሞ ከፍየል ቆዳም ይወጣል። አበርገሌ ላይ ፍየል ጠፍቶ ያውቃል እንዴ? (ዝርያው ራሱ በስማችን ነው የሚጠራው።)

ክፍል ውስጥ «መቃ የቀረጸ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም። አንዱ «የቄስ ሥራ እኮ ነው» አለኝ። በዚህ አልስማማም። ቀለሙ ኬሚስትሪ፣ ስንጥቁ ፊዚክስ ነው። የሚጽፉት አባቶች በሕይወት እያሉ አንድ ክፍለ ጊዜ እንስጣቸው ባይ ነኝ። ከሰቆጣም ሆነ ከዝቋላ፣ ብራና የሚጽፍ አባት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ።