ያላለቀ ሥራ ይታይ

(ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት)



በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ ከሚሰጥባቸው ጉዳዮች አንዱ ከአዳራሹ ኋላ ያለችው የዕቃ ክፍል ነገር ነው። ክፍሏ ለሱቅ ትከራይ የሚሉ አሉ። የለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞዴል ለሚሠሩት የሰፈሩ ልጆችና ጎልማሶች ትፈቀድ የሚሉም አሉ። ጉባኤው እስኪደርስ ሁሉም ሰው እንዲያስብበት በማለት እኛም ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር ወደድን። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ክፍሏ ለሞዴል ሠሪዎቹ ትፈቀድ፤ ሞዴል ሠሪዎቹም ያለቀውን ብቻ ሳይሆን ያላለቀውን ሥራ ይዘው ይምጡ።

በመጀመሪያ «ሞዴል ደግሞ ምንድነው?» ለሚሉ ወገኖች ጥቂት እንበል። ሞዴል ማለት አንድን እውነተኛ ነገር፣ ቤትም ይሁን መኪና፣ ባቡርም ይሁን አውሮፕላን፣ በልክ አሳንሶ መሥራት ነው። ቁም ነገሩ ያለው «በልክ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በ1፡100 ይሠራ ከተባለ አንድ ሜትር የነበረው አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቤት 6 ሳንቲሜትር፣ 2 ሜትር ቁመት ያለው በር 2 ሳንቲሜትር ይመጣል ማለት ነው። ሁሉም ነገር እኩል መቀነስ አለበት። በሩ ትንሽ ከበለጠ ቤቱ የአሻንጉሊት ቤት ሆኖ ቁጭ ይላል።

በውጭ አገር ይህ ሥራ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዝ አገር ፍሮግ የተባለው ድርጅት በ1፡72 የተሠሩ፣ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ አውሮፕላኖችን ለገበያ አወጣ። ኋላ የእንግሊዙ ኤርፊክስና የጃፓኑ ታሚያ በዚሁ ሥራ ስማቸው ተጠራ። ክፍላ ክፍሉ ተዘጋጅቶ በሳጥን የሚሸጠውን «ኪት» ይሉታል። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1961 ፓንተር የሚባለውን የጀርመን ታንክ በሞዴል ሲያወጣ፣ ታንኩ በባትሪ እንዲሄድ ስለተፈለገ ሞተሩና ባትሪው ከሆዱ እንዲገቡ ተደርጎ ተሠራ። ልኩ ሲታይ 1፡35 ሆኖ ተገኘ። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ የታንክ ሞዴል በብዛት የሚሠራው በዚሁ ልክ ነው። እንግዲህ ትልቅ ፋብሪካም ቢሆን በእጁ ካለው ነገር ተነሥቶ ነው ልኩን ያወጣው።

ኪት ገዝቶ መገጣጠም አንድ ነገር ነው። ከካርቶን፣ ከሽቦ፣ ከጣሳ እየቆረጡ ከምንም ተነሥቶ መሥራት ደግሞ ሌላ ነው። የእኛ ሰዎች መንገድ ሁለተኛው ነው። ኪት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ለሁሉም ኪስ አይሆንም። ግን ከምንም ተነሥቶ መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? የሽቦ መኪና ያልሠራ፣ ወይም ሲሠራ ያላየ ማን አለ? ሽቦውን በፒንሳ ማጠፍ፣ ጎማውን ከቆርኪ ወይም ካለቀ ነጠላ ጫማ መቁረጥ፣ ረጅሙን መሪ አስገብቶ መንገድ ለመንገድ መንዳት የሰፈር ልጅ ሁሉ ያለፈበት ነው። በልክ የሚሠራ ሞዴል ማለት የዚያው የሽቦ መኪና ታላቅ ወንድም ነው። ልዩነቱ ሜትር መያዙ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሠሪዎቻችን አንድ ጠባይ አላቸው። ሥራቸውን ይደብቃሉ። «ሲያልቅ አሳያችኋለሁ» ይላሉ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ ተሸሽጎ ይከርማል። እኛ ይህን አንደግፍም። ለምን ቢባል ሁለት ነገር በዓይናችን አይተናል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ቤት በ1፡100 እየሠራች ነበር። ግድግዳው ካርቶን ነው፤ የበረንዳው ምሰሶ ስቴኪኒ ነው፤ በጣም ያምር ነበር። ጣሪያው ላይ ስትደርስ ግን ተቸገረች። የእሽግ ካርቶን ልጣፉ ሲነሣ ውስጡ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ነውና እሱን አለበሰችው። ነገሩ አልመጣም። ቅዳሜ ዕለት ጅምሩን ይዛ በአዳራሹ በረንዳ ላይ ስታሳይ፣ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ጎረቤታችን ቆሞ አየና «ሞገዱ በዛ» አለ። ሲሰላ እውነትም በዝቷል። በተለመደው የቤት ቆርቆሮ ከአንዱ ጉብታ እስከሚቀጥለው ጉብታ 76 ሚሊሜትር ያህል ነው። በ1፡100 ሲቀነስ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የእሽግ ካርቶኑ ሞገድ ግን ወደ 7 ሚሊሜትር ይጠጋል። በእውነተኛው ቤት ላይ ቢሆን ከጉብታ ጉብታ 70 ሳንቲሜትር ያለው ቆርቆሮ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የት አገር አለ?

መካኒኩ ከኪሱ ብሎን አወጣ። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብሎን ጥርሱ የሚራራቀው በ0.8 ሚሊሜትር ነው። ምግብ የሚጠቀለልበትን ፎይል በአሮጌ ካመራዳሪ ቁራጭ ላይ ዘርግተው ብሎኑን ጫን አድርገው አንከባለሉበት። ፎይሉ ደቃቅ ሞገድ አወጣ። በቃ፣ ቆርቆሮ ሆነ። ልጅቷ ሞዴል ሠሪ ናት፤ ብሎን አታውቅም። መካኒኩ ብሎን ያውቃል፤ በሕይወቱ ሞዴል ሠርቶ አያውቅም። ሥራው ተሸሽጎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በምን ይገናኙ ነበር?

ሁለተኛው የባቡር ነገር ነው። አንድ ወጣት የድሮውን የለገሐር ባቡር ፉርጎ በ1፡87 ይሠራል። ይህ ልክ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች በየአገሩ የሚወዱት ልክ ነው። ሐዲዱን 16.5 ሚሊሜትር አድርጎ ዘረጋው፤ በ1፡87 የተለመደው የሐዲድ ስፋት ይኸው ነውና። ምድር ባቡር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው አዩትና «አይ ልጄ፣ ሐዲድህ ሰፍቷል፤ የኛ ባቡር ጠባብ ነበር» አሉት።

አባታችን ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። 16.5 ሚሊሜትር በ87 ሲባዛ ግን 1435 ሚሊሜትር ይመጣል። እሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው። ለአንድ ሜትሩ ሐዲድ የሚያስፈልገው 11.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሠሪዎች 12 ያደርጉታል። ደግነቱ ፉርጎው ከሥሩ ገና አልተዘጋም ነበርና እግሩን ነቅሎ ማጥበብ አንድ ከሰዓት ብቻ ፈጀ። ቀለም ተቀብቶ፣ ተለጥፎ አልቆ ቢሆን ኖሮ ያለው ምርጫ ሁለት ነበር፤ ወይ ማፍረስ፣ ወይ ስሕተቱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ዕድሜ ልክ ማየት።

ስለዚህ እንላለን፤ ያለቀ ሥራ የሚያገኘው ምስጋና ነው። ያላለቀ ሥራ ግን ምክር ያገኛል። ምስጋና ደስ ይላል፤ ሥራውን የሚያቃናው ግን ምክር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሰዎች ሥራቸውን የሚደብቁት ወደው አይደለም። ግማሽ የሆነ ነገር ሲታይ የሚስቅ አይጠፋም። «ይኼ ደግሞ ቤት ነው የዶሮ ቆጥ?» የሚል ይኖራል። እንዲህ ያለ ቃል አንድን ልጅ ምላጩን አስጥሎት ይቀራል። ስለዚህ ለቅዳሜው ስብሰባ ቀላል ደንብ እንዲኖር ሐሳብ እናቀርባለን። ሠሪው ሥራውን ሲያቀርብ መጀመሪያ የቸገረውን ራሱ ይናገር። ተመልካች ከመናገሩ በፊት ይጠይቅ። ያለ ፈቃድ በእጅ መንካት አይቻልም። «አበላሸኸው» አይባልም፤ «እንዲህ ብትሞክረውስ?» ይባላል። ምክር የሰጠ ሰው የሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጥቶ ምክሩ መሥራት አለመሥራቱን ይይ። የሰጠው ምክር ካልሠራም አይቀየም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበንን እንናገር። ከተማችን እየተለወጠች ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. የከተማችን የመጀመሪያው ሆቴል ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለ ልማቱ ለመከራከር አይደለም ይህን ያነሣነው፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው አንድ ቤት ከፈረሰ በኋላ በረንዳው ስንት ክንድ ነበር፣ መስኮቱ በየት በኩል ነበር ቢባል ሁሉም የየራሱን ያወራል እንጂ የሚያውቅ የለም ነው። ፎቶግራፍ መልኩን ያስቀራል፤ ልኩን ግን በትክክል አይናገርም። ሞዴል ለመሥራት የለካ ሰው ግን ልኩ በደብተሩ ላይ ይቀራል።

እናም ሞዴል ሠሪዎቹ አንድ የጋራ ሥራ ቢይዙ ደስ ይለናል፤ ሰፈራችንን እንዳለ በ1፡100 መሥራት። የማይቻል ነገር አይደለም። ርዝመቱ 300 ሜትር፣ ስፋቱ 200 ሜትር የሆነ ቦታ በዚህ ልክ 3 ሜትር በ2 ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆኑ ስድስት የኮምፔንሳቶ ጠፍጣፋዎች ከተከፈለ ስድስት ቡድን ለየብቻው መሥራት ይችላል። ወፍጮ ቤቱ፣ የቦኖው ውሃ፣ የጭቃ ቤቶቹ፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸው አሮጌዎቹ ቤቶች፣ ሁሉም በቦታው ይገባል። ልጆች በባለቤቱ ፈቃድ ሜትር ይዘው ይለካሉ፤ ሽማግሌዎች «እዚህ ጋ ቀድሞ በር ነበር» ይላሉ። አንድ ቀን መንደሩ ቢለወጥ እንኳ ልጆቻችን የት እንዳደግን በጣታቸው ያሳያሉ።

ወደ ክፍሏ እንመለስ። «ጨዋታ ነው፤ ለጨዋታ ክፍል አይሰጥም» የሚሉ አሉ። ክፍልፋይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አልገባ ብሎን የቀረን ብዙ ነን። የአያቷን በር ከሁለት ሜትር ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ያወረደች ልጅ ግን ክፍልፋይ በእጇ ገብቷታል። አናጢም፣ ልብስ ሰፊም፣ ግንበኛም የሚኖረው በልክ ነው። ጨዋታ ከሆነም የሚያስተምር ጨዋታ ነው።

«ኪራዩ ለማኅበሩ ገቢ ያመጣል» የሚሉት ወገኖች ሐሳባቸው ክፉ አይደለም፤ ገንዘብ ያስፈልገናል። ነገር ግን ክፍሏ ውስጥ የማኅበሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት እንዳለ አንርሳ። ሱቅ ከገባ እነዚህ የት ሊሄዱ ነው? ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን ከማን ቤት ልንለምን ነው? ሞዴል ሠሪዎቹ የጠየቁት አንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ መደርደሪያና የቅዳሜን ከሰዓት ብቻ ነው። ዕቃችን ከቦታው አይነቃነቅም። አሁን የሚሠሩት በረንዳ ላይ ነው፤ ካርቶን ዝናብ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ለማንም አይነገርም። የወር ልፋት በአንድ ወጨፎ ገንፎ ይሆናል።

ምላጭና ኮላ ባለበት ጥንቃቄ ያስፈልጋል የሚለውን እኛም እንቀበላለን። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ያለ አዋቂ ምላጭ አይያዙ፤ ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሽታ ያለው ኮላና ቀለም ከተያዘ መስኮት ይከፈት፤ ቁልፉም ከሁለት ታማኝ ጎልማሶች ዘንድ ይሁን።

ለሁሉም የሚወስነው ጉባኤው ነው። የማትስማሙ ካላችሁ ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አምጡ፤ ከዚህ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን። የምትስማሙ ደግሞ በጉባኤው ቀን ቅሩ አትበሉ፤ ተገኝታችሁ እጃችሁን አውጡ። በየቤታችሁ አልጋ ሥር የተሸሸገ ጅምር ያላችሁም፣ አቧራውን አራግፋችሁ በፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አዳራሹ በረንዳ ላይ ይዛችሁ ኑ። ሜትር ያለው ሜትር፣ ትርፍ ካርቶን ያለው ካርቶን ይያዝ። ለጊዜው ዝናብ ከመጣ አዳራሹን እንከፍታለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ