«ዓ.ም.» እና «ኤ.ዲ.»
ከሸዋ ሮቢት ወይም ከይፋት ቆላ አንድ ልጅ በባዕድ አገር ወደሚኖሩ ወላጆቹ ሊሄድ ሲሰናዳ፥ የክርስትና ምስክር ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይተረጐማል። በዚህ ጊዜ የልደቱን ዓመት እንዳለ ትተን «ዓ.ም.» የሚለውን ብቻ «ኤ.ዲ.» ብንለው ስሕተት ነው።

ሁለቱም ዘመኑን ከጌታችን ልደት ይቈጥራሉ፤ ዳሩ ግን የእንግሊዝኛው አንባቢ የሚረዳው የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ነው። መስከረም 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በእነርሱ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2012 ነው። «2005 ኤ.ዲ.» ብለን ብንጽፍ ልጁን በ7 ዓመት እናስረጀዋለን፤ ሕፃኑም ለአካለ መጠን የደረሰ መስሎ ከወላጆቹ ተለይቶ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ወይ ቀኑን አስልተን «ኤ.ዲ.»፥ ወይም ቍጥሩን ሳንነካ «ኢ.ሲ.»፥ ይኸውም የኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ብለን እንጻፍ። ወረቀቱን ከማስረከባችሁ በፊት ይህችን አንዲት ቃል እንድትመለከቱ አደራ እንላለን።