አሮጌው ኮምፒዩተራችን ይጣል ወይስ ይታደስ?



እንደምታውቁት የዕድራችን መዝገብ የሚጻፍበት ኮምፒዩተር አርጅቷል። ጠዋት ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ድረስ ቡና ተቆልቶ፥ ተፈልቶ ይጠጣል። በዚህም የተነሳ «አውጥታችሁ ጣሉት፤ አዋጥተን አዲስ እንግዛ» የሚል ሐሳብ በርክቷል። እኛ በዚህ አንስማማም። የማንስማማውም ለገንዘቡ ሰስተን ብቻ አይደለም።

ነገሩን ከመነሻው እናንሳው። ባለፈው ዓመት ቫይረስ ገባበት ተብሎ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠነው፤ እሱም ፎርማት አድርጎ መለሰው። ፋይሎቹን አስቀድሞ በፍላሽ ስላስቀመጠልን ደስ ብሎን ነበር። ኋላ ስንከፍታቸው ግን የአባሎቻችን ስም ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና የጭረት ክምር ሆኖ ቁጭ አለ። በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ባለቤታቸው አርፈውባቸው የሚገባቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ ቢመጡ ስማቸው ከመዝገቡ ሊገኝ አልቻለም። ሐዘን ላይ ያሉ ሰው «ደረሰኝዎን ፈልገው ያምጡ» ተባሉ። እኒህ እናት አንድም ወር አስታጉለው አያውቁም። ያፈርነው እኛ ነን።

ምክንያቱ ኋላ ነው የገባን። መዝገቡ የተጻፈው በድሮዎቹ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነው። ያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ምልክት ብቻ ይይዝ ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የአማርኛውን መልክ በላቲን ፊደል ቦታ እየተኩ፥ አንዳንዱንም ከሁለት ቁራጭ እየገጠሙ ሠሩት። ለጊዜው ትልቅ ብልሃት ነበርና አይነቀፍም። ፎንቱ ከኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ግን ጽሑፉም አይነበብም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ቢዛወር አማርኛነቱን አይለቅም።

ታዲያ አዲስ ኮምፒዩተር ብንገዛ ያ የጭረት ክምር ወደ ስም ይለወጣል? ኧረ ምን ሲደረግ!

እስቲ ወደ ዕቃው እንምጣ። ያለን ዊንዶውስ 7 ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቋረጠው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ጎግል ክሮምም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱን አልቀበልበት ብሏል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ ባመዛኙ 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው መሆን አለበት። የእኛው 3ኛ ትውልድ፥ ራሙም 2 ጊጋባይት ነው። በጉልበት የሚያስገቡት ሰዎች አሉ፤ ለዕድር መዝገብ ግን አይመከርም።

ይሁን እንጂ ማረሻው ደነዘ ተብሎ በሬ አይታረድም። ያንቀራፈፈው በይበልጥ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው፤ መብራት በድንገት ሲጠፋም የሚጎዳው እሱ ነው። በእሱ ፋንታ ኤስ ኤስ ዲ ቢገባ፥ ራሙም 8 ጊጋባይት ቢደርስ ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ዓመታት ያገለግላል። ራሙን ለመግዛት ወልድያ ወይም ደሴ የሚሄድ ሰው ግን አሮጌውን ነቅሎ ይዞ ይሂድ፤ ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚረሳውም አርጅቶ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃ ነው። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም፤ በእሷ የተነሳ ግን ስንት ደረሰኝ በተሳሳተ ቀን ታተመ!

በላዩም ሊኑክስ ሚንትና ሊብረ ኦፊስ ይጫንበት እንላለን። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ በአማርኛም ይጻፍባቸዋል። ለጸሐፊያችን መጀመሪያ ግር እንደሚላቸው አንክድም። ለሳምንት ያህል አብሯቸው የሚቀመጥ ወጣት ከሰፈሩ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን አሮጌው መዝገብ በዩኒኮድ ይገልበጥ። ከዚያም አንድ ቅጂ በፍላሽ በሌላ ቤት፥ አንድም በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በሰሜን ወሎ ብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሩን ከነመዝገቡ ማጣቱን የሚረሳ የለም።

ለዚህ ሥራ የድሮው ፎንት ያስፈልገናል። ከዚህ ቀደም በአማርኛ ጽሕፈት ሥራ ላይ የነበራችሁ፥ የግዕዝ ፕሮግራም ያለበት ሲዲ ወይም ያልተነካካ አሮጌ ኮምፒዩተር በቤታችሁ ካለ፥ እባካችሁ ከዕድሩ ስብሰባ በፊት ለጸሐፊው አሳውቁ። የወርኃዊ መዋጮ ደረሰኞቻችሁንም እስከዚያው አትጣሉ።