ሪስታርት ከማድረጋችን በፊት አንድ ደቂቃ እንይ



የፋይናል ፕሮጀክት ሰሞን በየላቡ የሚሰማ ነገር አለ፦ «ሰርቨሩ ተጨናንቋል፣ ሪስታርት ይደረግ!» ምን እንዳጨናነቀው የሚጠይቅ የለም። አንዱ ይደውላል፣ ሌላው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ቁልፍ የያዘው ሰው መጥቶ ማሽኑን አጥፍቶ ያበራዋል። ባለፈው ሴሚስተር በአንድ ላብ እንዲህ ሲደረግ የአንዲት እህታችን ሲሙሌሽን አብሮ ጠፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሠራ የቆየ ነበር፤ ለማስረከቢያው የቀራት ደግሞ አንድ ሳምንት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ እንደገና መጎተት ጀመረ።

እኔ የምለው፣ የጋራ ማሽን ሳይታይ ሪስታርት መደረግ የለበትም። ማሽኑ ሲጠፋ የችግሩ ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ማስረጃውን ለማየት ደግሞ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ተርሚናል ከፍቶ «ቶፕ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ዊልያም ለፌቭር የመጀመሪያውን ቶፕ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዛሬ በሊኑክስ የምንጠቀመው ሌላ ሰዎች የሠሩት ቢሆንም ሐሳቡ ያው ነው፦ ማሽኑ አሁን፣ በዚህች ሰከንድ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ያሳያል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነም ዶርም ተቀምጠን በደካማ የሞባይል ዳታ ከሰርቨሩ ጋር ብንገናኝ እንኳ ይሠራል።

ከላይ በስተቀኝ «ሎድ አቬሬጅ» የሚል ጽሑፍ አጠገብ ሦስት ቁጥሮች አሉ። በግምት የመጨረሻውን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃ ሁኔታ ይነግሩናል። የመጀመሪያው ከሦስተኛው በጣም ከበለጠ ጭነቱ እየጨመረ ነው፤ ካነሰ እያለፈ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ትርጉም የለውም። 16 ኮር ላለው ማሽን 12 ቀላል ነው፤ 2 ኮር ላለው ላፕቶፕ ግን መከራ። ኮፒ ቤት አስቡ፦ 16 ማሽን ባለበት ቤት 12 ሰው ቢመጣ ማንም አይሰለፍም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ሊኑክስ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ቁጥር ውስጥ ሲፒዩ የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ የሚጠብቁትንም ይቆጥራል። ኮፒ ማሽኖቹ ባዶ ሆነው ሰዉ ሁሉ ወረቀት እስኪመጣ እንደቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ሲፒዩ መስመር መውረድ ያስፈልጋል። እዚያ «ዩኤስ» ፕሮግራሞቻችን የበሉት ነው፣ «ኤስዋይ» ከርነሉ የበላው፣ «አይዲ» ሥራ የፈታው፣ «ደብሊውኤ» ደግሞ ዲስክ እየተጠበቀ ባክኖ የቀረው።

ያ ሰርቨር በማግስቱ ሲጎተት 16 ኮር ይዞ ሎዱ ከ40 በላይ ነበር። «ዩኤስ» ግን ትንሽ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሆነው «ደብሊውኤ» ነው። «ቪኤምስታት 1» ብለን በየሰከንዱ ስናየው «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የሚባሉት አምዶች ዜሮ ላይ አያርፉም። (የመጀመሪያውን መስመር ዝለሉት፤ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለ አማካይ ስለሆነ የአሁኑን አይነግራችሁም።) ራሙ ሞልቶ ዕቃ ወደ ዲስክ እየተጫነና እየተመለሰ ነበር። ቶፕ ላይ ትልቁን ኤም ስንጫን ዝርዝሩ በራም መጠን ተደረደረ፤ ከላይ የወጡት ተከፍተው የተረሱ የጁፒተር ኖትቡኮች ናቸው። ባለቤቶቻቸው እንቅልፍ ላይ ነበሩ። በመልእክት ተቀስቅሰው ሲዘጓቸው ማሽኑ በደቂቃዎች ውስጥ ተመለሰ። የማንም ሥራ አልጠፋም።

መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን «አቀራርህ ልክ አይደለም» ብለው አያልፉም ነበር። ሷዷ ሲን የሆነችበት ቦታ ላይ ያቆሙህና እሷኑ ያስደግሙሃል። «ሰርቨሩ ቀርፋፋ ነው» የሚለው አቤቱታችን ቦታ የለውም፤ ለዚህም ነው መልሱ ሁልጊዜ ሪስታርት የሚሆነው።

«ይህ የአይቲ ሠራተኞች ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ የእነሱ ሥራ ነው። ግን ማታ አራት ሰዓት ላይ እዚያ ያለነው እኛ ነን። ደግሞም «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስዋፕ አላቆመም፣ ደብሊውኤ 60 ደርሷል» የሚል መልእክት የደረሰው ሠራተኛና «ኧረ ድረሱልን» የተባለው እኩል ሊረዱን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 ብሬንደን ግሬግና የኔትፍሊክስ ባልደረቦቹ በአንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ በመጀመሪያዎቹ 60 ሰከንዶች የሚያዩአቸውን አሥር ትእዛዞች አውጥተው ነበር። ቪኤምስታትም ቶፕም ከአሥሩ ውስጥ ናቸው።

ማየት ሲባል ግን አደብ አለው። ቶፕ የሌላውን ሰው ስምና ፕሮግራም ያሳያል። አንድ ወንድም አጠገብ 400 ፐርሰንት ሲፒዩ ስላየን ስሙን ግሩፕ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። 400 ማለት አራት ኮር እየተጠቀመ ነው ማለት ነው፤ ሲሙሌሽን የተፈጠረው ሲፒዩ ሊበላ ነውና ጥፋት ላይሆን ይችላል። ከላይ ባየነው ጉዳይም ሲፒዩ የሚበላ ፕሮግራም አልነበረም ጥፋተኛው። የትእዛዝ መስመር ላይ የሚጻፍ ነገርም በአብዛኞቹ ማሽኖች ለሌላው ተጠቃሚ ይታያል፤ ስለዚህ ፓስወርድ እዚያ አትጻፉ።

ረጅም ሥራ ስትጀምሩ ደግሞ «ናይስ» የሚለውን ትእዛዝ አስቀድሙ። ተራ ተጠቃሚ ቁጥሩን እስከ 19 ከፍ አድርጎ ተራውን ለሌሎች መልቀቅ ይችላል፤ ከዜሮ በታች አውርዶ የሌላውን ተራ ለመውሰድ ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ጥሩ አስቧል። ራም ሲሞላ ግን ናይስ አያድንም።

ከላብ ውጭ ነገሩ የቤተሰብ ገንዘብ ይነካል። ላፕቶፑ ስለተጎተተ ብቻ «አዲስ ግዛ» ተብሎ ወደ ቤት የሚደውል ተማሪ ስንት ነው? ሥራ ላይ እያለ ስዋፕ የማያቋርጥ ከሆነ የጎደለው ራም ነው። ስዋፕ ሳይኖር «ደብሊውኤ» ከፍ ካለና ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ኤስኤስዲ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ከአዲስ ላፕቶፕ በብዙ ይረክሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ግን አይሸፍንም። «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ስታዩም «ፍሪ» የሚለው አምድ ትንሽ ሆኖ አያስደንግጣችሁ። ሊኑክስ ባዶ ራም ለፋይል ማቆያ ስለሚጠቀምበት የሚታየው «አቬይለብል» የሚለው አምድ ነው።

የራሳችሁ ኮድ ሲዘገይ «ፐርፍ ቶፕ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሊኑክስ ከርነል 2.6.31 ጋር የመጣ መሣሪያ ነው። በየቅጽበቱ ናሙና እየወሰደ ጊዜው የትኛው ፈንክሽን ላይ እንደሚያልቅ ስሙን ጠርቶ ያሳያል። ቀመሩን ለማፍጠን ሳምንት ከመድከም በፊት፣ ጊዜው የሚያልቀው ውጤቱን ፋይል ላይ በመጻፍ አለመሆኑን በዚህ ማረጋገጥ ይቻላል። ችግሩ በብዙ የጋራ ማሽኖች ለተማሪ አለመፈቀዱ ነው። ቢያንስ ለፋይናል ፕሮጀክት ተማሪዎች እንዲፈቀድ፣ ከማንኛውም ሪስታርት በፊትም የቶፕና የቪኤምስታት የአንድ ደቂቃ ውጤት ፋይል ላይ እንዲቀመጥ በየዲፓርትመንታችን በጽሑፍ እንጠይቅ። ደብዳቤውን ለማርቀቅ እኔ ዝግጁ ነኝ።

ጀመዓችን ቅዳሜ ለፍሬሾች ከሚሰጠው ቱቶሪያል አንዱን ሰዓት ለዚህ ቢያውለው ኢንሻአላህ በቂ ነው። ላፕቶፕ የሌለው ከጓደኛው ጎን ይቀመጥ፤ ቶፕ ለማየት አንድ ስክሪን ለሦስት ሰው ይበቃል።