ከስማችን ሥር ያለው ቀይ መስመር

ሐዴራ አጠገብ ያለውን የጋን ሽሙኤልን ስም በአማርኛ ፊደል ለሚያነብ አዛውንት መጀመሪያ የሚታየው የጠላ ጋን ነው። በዕብራይስጥ ግን «ጋን» የአትክልት ቦታ ነው፤ ሽሙኤልም ያው ሳሙኤል ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው ለረቢ ሽሙኤል ሞሂሌቨር መታሰቢያ ነው። ሁለቱን ቋንቋ ለምንሰማ ይህ ጨዋታ ነው። የአማርኛ ቃላትን ብቻ የሚያውቅ የኮምፒውተር አራሚ ግን ሽሙኤልን «ሳሙኤል» ብሎ ቢለውጠው አይፈረድበትም።

የእርማት ጠላቶች አይደለንም። በእኩለ ሌሊት የሰሚናር ጽሑፍ ለሚጨርስ ተማሪ፣ ጣት የሳተውን ፊደል የሚያቃና ፕሮግራም ትልቅ እፎይታ ነው። ቅሬታችን የሚጀምረው ማሽኑ ስም ላይ ሲደርስ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ ወላጆቻችን። በሙሴ ዘመቻ (1984–85) እና በሰሎሞን ዘመቻ (1991) ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ግን እዚህ ሲደርሱ ሌላ ስም ወጣላቸው። አገር ቤት የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስላልነበረ የአባት ወይም የአያት ስም ለዚህ ተመዘገበ፤ የአንድ እናት ልጆች በተለያየ የቤተሰብ ስም የሚጠሩበትም ቤት አለ። ያን ጊዜ የጻፈው ሰው ነበር፤ ቋንቋው ከተገኘ ሊከራከሩት ይቻላል። ዛሬ ግን ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይለውጣል።

ጥሩነሽ የሚለውን ስም በዕብራይስጥ እንጻፍ ብንል በጤት ነው ወይስ በታቭ? ሁለቱም ይጻፋል። ፕሮግራሙ አንዱንም ካላወቀ ከሥሩ ቀይ ያሰምርና የሚቀርበውን የዕብራይስጥ ቃል ያቀርባል። የቸኮለ ተማሪ አንዴ ሲጫን በምስጋናው ገጽ ላይ የአያቱ ስም ሌላ ይሆናል። ቀዩ መስመር «ይህ ቃል እኔ ዘንድ የለም» ከማለት በቀር ሌላ ፍርድ የለውም። ስሙ ሁልጊዜ ተሰምሮበት የሚያየው ልጅ ግን ይህን ማን ነግሮት?

የአማርኛ ጸሐፊዎች ይህን ጣጣ ቀድመው ያውቁታል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ ፎንቶች የተቀመጡት በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ነበር። ፕሮግራሙም እንግሊዝኛ መስሎት የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ሲያደርግ ሌላ የአማርኛ ፊደል ብቅ ይላል። መፍትሔው እርማቱን ማጥፋት ነበር። ፊደላችን ዛሬ የራሱ ወንበር አለው፤ ቢሆንም ፀሐይ «ሠረቀ» እና ሌባ «ሰረቀ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነውና ዓይን መጣል አይቀርም።

ሁሉን ማጥፋት ግን አያስፈልግም። በዎርድ ቀይ የተሰመረበትን ስም በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ወደ መዝገበ ቃላቱ መጨመር ይበቃል። ፕሮግራሙ በራሱ የለወጠውንም ወዲያው ኮንትሮልና ዜድን በመጫን መመለስ ይቻላል። ጨርሶ ማጥፋት የፈለገ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ ብሎ ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስን ይክፈት።

ማኅበራችንም የጋራ የስም ዝርዝር እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን፦ የሰው ስም፣ ሲግድ፣ ቄስ፣ አምቦበር፣ ወለቃ፣ እያንዳንዱ በባለቤቱ ምርጫ ተጽፎ። እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ለሰንበት ቤት ሲመጡ ስማችሁ በየትኛው ፊደል እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። ዕብራይስጡን ባታነቡ እንኳ ድምፁን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ጽፎ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።