ደብተር መስጠት ይቀልላል

ሰሞኑን ቦንጋ ላይ ደብተር ሲታደል አየሁ። ባነሩ ከደብተሩ ክምር ይበልጣል። ልጆቹ ካሜራው እስኪስተካከል ፀሐይ ላይ ተደርድረው ጠበቁ፤ ንግግሩም ከርክክቡ ረዘመ። «ፎቶው ሌላውን ያነሳሳል» የሚሉኝ አሉ። እስካሁን ያነሳሳው ሌላ ፎቶ አንሺ ነው።

ካሜራ የማይደርስበት እርዳታም አለ። ከጭሪ ወዲያ ባሉት የካፋ ዞን የዴቻ ወረዳ ቀበሌዎች፣ ክረምት ገብቶ መኪና መንገዱን ሲፈራው፣ ምጥ የያዛትን ሴት የሚያወርዷት ጎረቤቶቿ ናቸው። ሁለት አጣና፣ መሃሉ ላይ የተጠላለፈ ገመድ፣ ከላይ ብርድ ልብስ፤ ቃሬዛ ማለት ይኸው ነው። አራት ይሸከማሉ፣ ሌሎቹ ተራ ለመቀበል ይከተላሉ። አንዱ ጫማውን አውልቆ ጭቃውን በእግሩ እየፈተሸ ይቀድማል። ትከሻ የሚቀያየሩት ሳይቆሙ ነው። አምቡላንሱ ካለበት ሲደርሱ ማንም ስሙን አያስመዘግብም። በማግስቱ እነዚያው ሰዎች ደቦ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ አመስግኜ ላበቃ ነበር፤ አንድ ነገር ከነከነኝ። ቃሬዛው የእድር ነው። እድሩ ውስጥስ ማንጆ ስንት አለ?

ካፋ ውስጥ ይህን ማንሳት ጨዋታ ያበላሻል። ማንጆ የሚባሉት ጎረቤቶቻችን በካፋ ነገሥታት ዘመን አዳኝና ኬላ ጠባቂ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ (ታቶ) ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው መንግሥቱ ሲያከትም ኬላው ቀረ፤ በማንጆዎች ላይ ያለው ንቀት ግን ሰነበተ። ማንጆ የጠጣበት ዕቃ ለብቻ ይቀመጥ ነበር፤ ከቤት ገብቶ አብሮ መብላትማ አይታሰብም። ዛሬ በየስብሰባው «ያ ድሮ ቀርቷል» ይባላል። እንዲህ የሚሉትን ሰዎች ግን ማንጆ ቤት ቡና ሲጠጡ አይቼ አላውቅም።

ቦንጋ ውስጥ አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ስሟን አልጽፍም። እንጨትና ከሰል ሸጣ የምትመለስ ማንጆ እናት በበሯ ስታልፍ «ነይ እስቲ አረፍ በይ» ትላታለች። በርጩማ ትስብላታለች፤ ለሁላችንም ከተደረደሩት ሲኒዎች አንዱን አንስታ ትቀዳላታለች፤ ጨው ነው ስኳር ብላም ትጠይቃታለች። አንዴ አንድ ደንበኛ ይህን አይቶ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ። ሒሳቧን ተቀበለች፣ ሲኒዎቹን ሁሉ በአንድ ውሃ አለቀለቀች፣ ሁለተኛውን ጀበና ጣደች። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ዝር አላለም። በሲኒ ሒሳብ ልጆች ለምታሳድግ ሴት ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ደብተር መስጠት ይቀልላል፤ ሰጪ ከላይ፣ ተቀባይ ከታች ነው፣ ሁለቱም ቦታቸውን ያውቃሉ። የሚጨንቀን ጎን ለጎን መቀመጡ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ደናችንን ሲመዘግብ ጨፍረናል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም እዚሁ ከተማችን ቆሟል። ለዓለም ቡና አበረከትን የምንል ሰዎች ለጎረቤት ሲኒ ስንመርጥ ግን አናፍርም።

«ባህል በአንድ ጀምበር አይለወጥም» የሚል ደብዳቤ እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ። ስንት ጀምበር እንደጠለቀች ጸሐፊው ይቁጠርልኝ። እስከዚያው የእድር ዳኞች መዝገባችሁን ግለጡ፤ ማንጆ ጎረቤታችሁ ከሌለበት ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ። መዋጮው ከሌላው እኩል ይሁን፣ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥበትም እንዲሁ።