ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ላሜራ

ባለፈው የዚህ ጋዜጣ እትም አንድ ወንድማችን ስለ ወርክሾፕ አደጋ የጻፈውን አንብበናል። ጽሑፉ በደግ ልብ እንደ ተጻፈ አልጠራጠርም። ዳሩ ግን ዋናው ሐሳቡ «በብረታ ብረት ወርክሾፖች ለሚደርሰው ጉዳት ምንጩ የሠራተኛው አለመጠንቀቅ ነው፤ መድኃኒቱም ምክርና ተግሣጽ ነው» የሚል በመሆኑ በዝምታ ላልፈው አልቻልሁም። ይህ አነጋገር ከደሞዝተኛው ላይ ኃላፊነቱን ጭኖ የሚያበቃ፥ ብረቱ የት እንደ ተቀመጠና እንዴት እንደ ተቀመጠ ከቶ የማይጠይቅ አነጋገር ነው።

ባለፈው ክረምት ለልምምድ የተላክሁበትን የብየዳ ወርክሾፕ ስም አልጠራም። እዚሁ ድሬዳዋ ነው ማለት ይበቃል፤ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ ስሙ ቢጠራ የሚጨምረው ነገር የለም። በዚያ ወርክሾፕ 6 ሜትር ርዝመት፥ አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 5 ላሜራዎች በረጅም ጎናቸው ቆመው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ከእነርሱ ጀርባ አንድ ባለ 12 ሚሊ ላሜራ ነበር፤ ካቦው የፈለገውም ያንኑ ነው። «ተማሪው፥ ና ደግፍ!» አለኝ። እኔና ሁለት ሠራተኞች ከፊት ቆምን፤ አምስቱን ላሜራዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ እየገለጥን ወደ እኛ አዘነበልናቸው። አንድ በዕድሜ የገፉ በያጅ፥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፥ በጠመኔ የተጻፈውን ውፍረት ለማየት ወደ ጎን ጠጋ አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከአንድ ቅጽበት አይበልጥም። «አቦ ልቀቁ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ዘለልሁ። ላሜራዎቹ የመሰርሰሪያው ማሽን እግር ላይ ተንጋለው ባይቀሩ ኖሮ ጋሼ ከነነፍሳቸው አይወጡም ነበር። እንዲያም ሆኖ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ።

ወንድሜ ሆይ፥ ከመካከላችን ያልተጠነቀቀው ማን ነው? ሁላችንም ተጠንቅቀን ነበር። እስቲ ነገሩን በክርክር ሳይሆን በሒሳብ እንየው፤ ሁላችንም የአንደኛ ዓመት ስታቲክስ ተምረናል። ብረት በሜትር ኪዩብ 7,850 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከእነዚያ ላሜራዎች አንዱ 706 ኪሎ፥ ማለትም ከ7 ኩንታል በላይ ነው፤ በከተማችን በምናውቀው መስፈሪያ 14 ከረጢት ሲሚንቶ መሆኑ ነው። አንድ ላሜራ ከቀጥተኛ አቋሙ 3 ዲግሪ ወደ ፊት ሲያዘነብል፥ ከላይኛው ጠርዝ የሚይዘው ሰው የሚያርፍበት ግፊት 18 ኪሎ ገደማ ነው። አምስቱ ተደርበው 92 ኪሎ ያህል ይሆናሉ፤ ሦስት ሰው ይችለዋል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው መቻሉ ነው። ዝንባሌው 10 ዲግሪ ሲደርስ ግን ያው ግፊት 311 ኪሎ ይሆናል፤ በ20 ዲግሪ ከ640 ኪሎ ያልፋል። ከ3 ወደ 10 ዲግሪ ለመድረስ የላሜራው አናት ወደ ፊት የሚሄደው ከሁለት ስንዝር ያነሰ ርቀት ነው። በዚህች ርቀት ውስጥ የትኛው ምክር፥ የትኛው ተግሣጽ ይደርሳል? ብረቱ መውደቅ ከጀመረ በኋላ ጥንቃቄ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሩጫ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የተፈጸመው ላሜራው በወደቀበት ደቂቃ አይደለም። የተፈጸመው ከመኪና ወርዶ «ለጊዜው እዚህ ይደገፍ» በተባለበት ዕለት ነው። በወርክሾፖቻችን ይህ «ለጊዜው» የሚሉት ቃል ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ድኾች ነን፥ የውጭ አገር መደርደሪያ ከየት እናምጣ?» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ብረት ቆርጠውና በይደው የሚያድሩ ሰዎች መሆናቸው ያስቃል። የቤት በር፥ የውሃ ታንከር፥ የጭነት መኪና ካሳ የሚሠራ ወርክሾፕ ለራሱ ብረት ማቆሚያ መሥራት ያቅተዋል? ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ጠንካራ ምሰሶዎች፥ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ላሜራ ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ክፍተት፤ ቆሞ ለሚቀመጥ ላሜራ ዋናው ነገር ይህ ነው። በክፍተቱ ውስጥ ያለ ላሜራ ቢያዘነብልም ምሰሶው ይይዘዋል እንጂ ሰው አይይዘውም። በሁለት ጎን የሚደገፍበት ባለ ሦስት ማዕዘን ማቆሚያ የሚመርጡም አሉ፤ እርሱ ግን በአንድ ወገን ብቻ ከተጫነ ራሱ ማቆሚያው ይገለበጣልና ጭነቱ በሁለቱም ወገን እኩል መሆን አለበት፤ ላሜራውም በሰንሰለት መታሰር አለበት።

በጀርባው አስተኝቶ መደርደር ከሁሉም ይልቅ ከመውደቅ ያድናል፤ ቢሆንም የራሱ ሥርዓት አለው። በላሜራዎቹ መካከል ሞራሌ ይግባ፤ ሞራሌዎቹም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ። አንዱ እዚህ፥ አንዱ እዚያ ከሆነ ላሜራው ይጎብጣል፤ የጎበጠውን ለማቃናት የሚጠፋው ጉልበትና ጋዝ ደግሞ ከሞራሌው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ክፍተቱ ለፎርክሊፍቱ ጥርስ ወይም ለማንሻው ሰንሰለት ማለፊያ ይሆናል፤ ከሥር ጎርፍ ሲገባም ውሃው በላሜራዎቹ መካከል ተኝቶ ዝገት እንዳያበቅል ያደርጋል። የሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ያደረገውን ላየች ከተማ ስለ ወለል ከፍታ መናገር ትርፍ ነገር አይመስለኝም።

ሰብአዊነቱ ያልነካው ባለ ንብረት ቢኖር ደግሞ በኪሱ በኩል ላነጋግረው። 10 ላሜራ ያለ መለያ ተደራርበዋል እንበል፤ የሚፈለገው የመጨረሻው ነው። ዘጠኙ ይነሣሉ፥ አሥረኛው ይወጣል፥ ዘጠኙ ይመለሳሉ፤ 19 ጊዜ ማንሣት መሆኑ ነው። ለአንዱ 5 ደቂቃ ብንሰጥ 95 ደቂቃ ሄደ፤ ገና አንድ ሳንቲ ሜትር አልተቆረጠም። በውፍረት በውፍረቱ ለይቶ ቢያስቀምጥ፥ ዘወትር የሚያስፈልገውን ከላይ ቢያደርግ፥ ጠርዙ ላይ ልኩንና የብረቱን ዓይነት በቀለም ቢጽፍ ኖሮ ሥራው የአንድ ማንሣት ነበር። ቁራጩም እንዲሁ ነው። ጽሑፉ ያለበት ጫፍ ተቆርጦ ከሄደ በኋላ የቀረው ምን ዓይነት ብረት እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ ታንከር የሚሆነውና ለአጥር የሚሆነው ተቀላቅሎ በየማዕዘኑ ይደገፋል። በበኩሌ ከሙሉ ላሜራ ይልቅ የምፈራው ይህን የቁራጭ ክምር ነው፤ ሙሉውን ሰው ሁሉ ይፈራዋል፥ ቁራጩን ግን የሚፈራው የለም።

ስለ ማንሻ መሣሪያ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ቆሞ ለሚነሣ ላሜራ የተሠራ መቆንጠጫ በአንድ ጊዜ አንድ ላሜራ ብቻ ይይዛል፤ «ሁለቱን አንድ ላይ» የሚል ካቦ ካለ እምቢ ይባል። ማግኔቱም ቢሆን ብረቱ ዝገት፥ ቀለም ወይም አቧራ ካለበት በላዩ ላይ የተጻፈውን ክብደት አያነሣም፤ ድሬዳዋ ደግሞ አቧራ የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ወንድማችን አላነሣውምና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ይሆናል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት እንዳደረሰ ከሚቆጠርባቸው ሁኔታዎች አንዱ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ነው። በግልጽ ያወጣውን! እኔ በነበርሁበት ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ስለ ላሜራ አቀማመጥ የተጻፈ አንዲት መስመር አልነበረችም፤ የነበረው የእግር ኳስ ቡድን ሥዕልና የዓመት መቁጠሪያ ነው። ያልተጻፈን መመሪያ ጋሼ እንዴት አድርገው ጣሱት?

ይህን ሁሉ የምለው ዛሬ ስለ ሆነ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከደረሰላት ወዲህ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ያሳደጋት፥ ከባድ ብረት የማያስደንቃት ከተማ ነች። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ተመርቋል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠናው ተከፍቷል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለብረታ ብረት ሥራ የሚገባ ሁሉ ባዶ ሼድ ይረከባል። ምሰሶ የሚተከልበት፥ የላሜራ መግቢያና የእግረኛ መንገድ በቀለም የሚለይበት ጊዜ ወለሉ ባዶ ሳለ ነው። ማሽኖቹ ከተተከሉ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ግድግዳው ብቻ ነው፤ ግድግዳውም የሚያደርገውን አይተናል።

መምህሮቻችንም ይቅርታ ያድርጉልኝ። የወርክሾፕ አቀማመጥ ስንማር የማሽኖችን ርቀት በወረቀት ላይ እናሰላለን፤ ጥሬ ዕቃው ግን በሥዕሉ ጥግ «ማከማቻ» የሚል ቃል የተጻፈበት አንድ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል። በዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀን መምህር የለም፤ የጠየቅን ተማሪዎችም የለንም። የእቃ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው ብለን ንቀነዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ጉባኤ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በመጪው ክረምት ለልምምድ የምንላክባቸው ወርክሾፖች ከመመደባችን በፊት በአንድ መምህርና በሁለት ተማሪዎች ይጎብኙ፤ ላሜራ ያለ ማሰሪያ ግድግዳ ተደግፎ የተገኘበት ወርክሾፕ እስኪያስተካክል ድረስ ተማሪ አይላክለት። ተማሪም «ደግፍ» ቢባል እምቢ የማለት መብት እንዳለው በምደባ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

ወንድማችን መልስ ካለው በደስታ አነብባለሁ። ጋሼ ሆስፒታል በገቡ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስመለስ አምስቱ ላሜራዎች በዚያው ግድግዳ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። የተጨመረው ነገር እግራቸው ሥር የተደረገ አንድ ድንጋይ ነበር።